ጆን ዊክ 4፦ ተመልካቾች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ጆን ዊክ 4 ሲኒማ ቤት የገባው መጋቢት 15 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ ማርች 24 ቀን 2023። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ አልበረደም። አንዱ "የዘመኑ ምርጥ አክሽን ፊልም ነው" ይላል። ሌላው "ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ተኩስ አይቼ ምንም አልቀረልኝም" ይላል። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነኝ። የሌሎቹ ቅሬታ ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም፣ አንዳንዱ ልክ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ፊልሙን በሌላ ዓይን ከማየት የመጣ ይመስለኛል። ከታች መጨረሻውን ሳልሸፋፍን አወራለሁ፣ ያላያችሁት እዚህ ላይ ብታቆሙና አይታችሁ ብትመለሱ ይሻላል።

የፊተኞቹን ሦስት ፊልሞች ሳላይ ብጀምረው ይገባኛል?

ድብድቡ ይገባችኋል። ሐዘኑ ግን አይገባችሁም።

የ2014ቱ የመጀመሪያ ፊልም በጣም ቀላል ታሪክ ነው። ጡረታ የወጣ ገዳይ ሚስቱ ሄለን በሕመም ትሞትበታለች። ከመሞቷ በፊት አስባ ያዘጋጀችለት አንዲት ቡችላ ቤቱ ትመጣለች፣ ብቻውን እንዳይቀር። ዱርዬዎች ቤቱን ሰብረው መኪናውን ይሰርቁና ቡችላዋን ይገድሏታል። ሰውዬው የቀበረውን መሣሪያ ያወጣል። ይኸው ነው። የቀሩት ሁሉ ከዚህ የተመዘዙ ናቸው፦ በ2017ቱ የድሮ ዕዳ ይጠየቃል፣ ደም በማይፈስበት ሆቴል ውስጥ ሰው ይገድላል፣ በ2019ኙ ደግሞ ዓለም ላይ ያለ ገዳይ ሁሉ ይታዘዝበታል።

ጊዜ ከሌላችሁ የመጀመሪያውን ብቻ እዩ። 1 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ነው፣ አያሰለችም። ከዚያ የሦስተኛውን ፊልም መጨረሻ ብታዩት አራተኛው ከየት እንደሚነሳ ይገባችኋል። ሁለተኛውን ብትዘሉት አራተኛውን ለመረዳት ብዙ አይጎድልባችሁም።

2 ሰዓት ከ49 ደቂቃ አልበዛም?

ከሁሉ በላይ የሚነሳው ጥያቄ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

የመጀመሪያው 101 ደቂቃ ነበር። እያንዳንዱ ተከታይ እየረዘመ መጥቶ አራተኛው 169 ደቂቃ ላይ ደረሰ። ለአክሽን ፊልም ይሄ ብዙ ነው። ሰዓት አይታችሁ ከሆነ፣ መሀል ላይ ተነሥታችሁ ሻይ ያፈላችሁም ከሆነ፣ እናንተ ላይ ችግር የለም።

ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ይህ ፊልም የሚያወራው ስለ ደከመው ሰው ነው። ጆን ዊክ እዚህ ላይ የሚፈልገው በቀል አይደለም፣ ማረፍ ነው። ፊልሙ ደግሞ ይህን ድካም በንግግር አይነግረንም፣ እኛው ላይ ይጭነዋል። አንዱን ድብድብ ጨረስን ስንል ሌላ ይመጣል። ፓሪስ ላይ በመኪና ከሚሽከረከርበት አደባባይ ወደ ባዶው ሕንፃ፣ ከሕንፃው ወደ ደረጃው፣ ፋታ የሚባል ነገር የለም። ደረጃው ላይ ሲደርስ እኔም እንደ እሱ "አሁንስ በቃኝ" ብዬ ነበር፣ ያ ስሜት በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። ፊልሙ 100 ደቂቃ ቢሆን ኖሮ ያ ደረጃ ተራ ደረጃ ይሆን ነበር።

እንዲህ ስል ግን ሁሉም ደቂቃ ሥራውን ሠርቷል እያልኩ አይደለም። በርሊን ላይ ይጎተታል። ጆን ወደ ድሮ ቤተሰቡ፣ ወደ ሩስካ ሮማዎቹ ሄዶ እንዲቀበሉት የሚለምንበት፣ ከዚያ የተባለውን ሰው ለመግደል ወደ ጭፈራ ቤቱ የሚላክበት፣ ካርታ ጨዋታው፣ ይሄ ሁሉ አንድ ወረቀት ለማስፈረም የሚደረግ ረጅም ዙር ነው። ከዚያ ላይ 15 ደቂቃ ቢቆረጥ ማንም አይናፍቀውም። ኦሳካ ላይ ግን አንድም ነገር አልነካም። ፓሪስን ደግሞ ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም።

"ታሪክ የለውም" የሚሉት እውነት ነው?

በንግግር የሚነገር ታሪክ ትንሽ ነው፣ አዎ። ግን ታሪክ የሚኖረው በንግግር ብቻ ነው ያለው ማን ነው?

ባለ ውሻውን አሳዳጅ ተመልከቱት። ስሙን እንኳ አይነግረንም፣ "ማንም አይደለሁም" ነው የሚለው። ጆንን የሚከታተለው ለገንዘብ ነው፣ ዋጋው እስኪጨምርለት እየጠበቀ። ፓሪስ ላይ አንድ ሌላ ገዳይ ውሻውን ሊገድልበት ሲል ጆን ገዳዩን ተኩሶ ይጥለዋል፣ ውሻዋም ትተርፋለች። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ጆንን መግደል ያቅተዋል። አንድም ረጅም ንግግር የለም። ግን የመጀመሪያውን ፊልም ያየ ሰው ጆን ለምን እንደተኮሰ ያውቃል፣ ዘጠኝ ዓመት የቆየ ሐዘን በአንድ ጥይት ተነገረ። ይሄ ታሪክ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ወይም ቤተ ክርስቲያኑን አስታውሱ። በማግስቱ ንጋት በሽጉጥ ሊገጥሙ ቀጠሮ ያላቸው ጆንና የድሮ ጓደኛው፣ ዓይነ ስውሩ ገዳይ ኬን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጆን ለሚስቱ ሻማ አብርቷል። ኬን ትሰማሃለች ብለህ ታምናለህ ወይ ይለዋል። አይ፣ ይላል ጆን። ታዲያ ለምን ትደክማለህ ሲለው፣ ምናልባት ተሳስቼ ሊሆን ይችላል ብሎ ይመልስለታል። ለሞተ ሰው ሻማ አብርቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህን መልስ ያውቀዋል። እኔን አንጀቴን የበላኝ ትዕይንት እሱ ነው፣ አንድም ጥይት አልተተኮሰበትም።

ደካማው ጎን ሌላ ነው። ሃይ ቴብል የሚባለው የገዳዮች ማኅበር ሕግ እየበዛ መጥቷል። ባለሥልጣኑ፣ መልእክተኛው፣ ሽማግሌው፣ የደም ማኅተሙ፣ የጎሳው ምልክት። አንዳንዱ ሕግ ለዚያ ሰዓት ብቻ ሲባል የተፈጠረ ይመስላል፣ ችግር ሲመጣ አዲስ ሕግ ይወጣል። እዚህ ላይ ለተቺዎቹ እጄን እሰጣለሁ።

ይሄ ሁሉ ጥይት፣ ይሄ ሁሉ ውድቀት፣ ሰውዬው እንዴት አይሞትም?

ለጥይቱ መልስ አለው፦ ከሁለተኛው ፊልም ጀምሮ የሚለብሰው ሱፍ ጥይት የማይበሳው ነው። በአራተኛው ግን ጠላቶቹም ይህንኑ ይለብሳሉ፣ ለዚህ ነው ድብድቡ የተቀየረው። አንድ ጥይት አይበቃም፣ ተጠግቶ፣ ጥሎ፣ ጭንቅላት ፈልጎ መተኮስ ግድ ይሆናል። ኮታቸውን ወደ ፊታቸው አንሥተው የሚከልሉትም ለዚሁ ነው።

ለውድቀቱ ግን መልስ የለውም። ከፎቅ መስኮት ወድቆ፣ መኪና ላይ አርፎ፣ ተነሥቶ እያነከሰ ይሄዳል። አንዳንድ ሰው እዚያ ላይ ፊልሙን ይተወዋል፣ እረዳዋለሁ። እኔ የማየው እንደ ድሮ የጀግና ተረት ነው፣ ጀግናው እስከ ቀጠሮው ሰዓት አይሞትም። ቀጠሮው ደግሞ ፀሐይ ስትወጣ ነው። ይህን ከተቀበላችሁ የቀረው ሁሉ ይቀላችኋል፣ ካልተቀበላችሁ ፊልሙ በሙሉ ያናድዳችኋል።

ኪያኑ ሪቭስ ለምን አያወራም?

በ169 ደቂቃ ውስጥ የሚናገረው ወደ 380 ቃላት ብቻ ነው ተብሎ ተቆጥሯል። ብዙው "አዎ" ነው። "ተዋናይ አይደለም፣ ቆሞ ነው የሚያየው" የሚል አስተያየት ብዙ ጊዜ ይሰማል።

አልስማማም። ሰውዬው የሚጫወተው በሰውነቱ ነው። በመጀመሪያው ፊልም ጆን ሲተኩስ ቀጥ ብሎ፣ ፈጥኖ ነው። በአራተኛው ትከሻው ወድቋል፣ እግሩን ይጎትታል፣ ከእያንዳንዱ ድብድብ በኋላ የሚነሣው በግድ ነው። ፊልሙ ሲወጣ ኪያኑ 58 ዓመቱ ነበር፣ ያንን ዕድሜ አልደበቀውም፣ ተጠቀመበት። እንዲያውም በትርጉም ፊልም ላደግን ለእኛ ይሄ አዲስ አይደለም። ተርጓሚው ያላለውን ሁሉ ጨምሮ ሲያወራልን ዓይናችን ግን ተዋናዩ ላይ ነበር፣ ማን ጨካኝ ማን የዋህ እንደሆነ ከአረማመዱ እናውቅ ነበር።

ኬን ከጆን አይበልጥም?

ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፣ ምክንያቱም አለው። ኬንን የሚጫወተው ዶኒ የን ለዚህ ፊልም ትልቁ ስጦታ ነው። ዓይነ ስውር ገዳይ የሚባለው ሐሳብ በእስያ ፊልሞች የቆየ ነው፣ በቀላሉ ተራ ነገር ሊሆን ይችል ነበር። እሱ ግን ሕይወት ሰጠው። ኦሳካ ላይ ወጥ ቤቱ ውስጥ በእንቅስቃሴ የሚጮሁትን ትንንሽ ደወሎች ግድግዳው ላይ እየለጠፈ ጠላቶቹን በድምፅ የሚጠብቅበትን አስታውሱ። ድብድቡ ሲጀመር ደግሞ ምግቡን ቁጭ ብሎ ይበላ ነበር።

ዶኒ የን ራሱ በቃለ ምልልስ እንደተናገረው ገጸ ባሕሪው መጀመሪያ የተለመደ የቻይና ስም ነበረው፣ ልብሱም የተለመደው የቻይና ኮሌታ ያለው ነበር። እሱ ተከራክሮ ሁለቱንም አስቀየረ። ጥሩ አደረገ። አሁን የምናየው ዘናጭ ሱፍ የለበሰ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ የሚያሾፍ፣ ግን ውስጡ የሚነድ አባት ነው።

"ጓደኛውን የገደለ ሰው እንዴት ትወዱታላችሁ?" የሚልም ጥያቄ አለ። ጆንን ኦሳካ ሆቴሉ ውስጥ ያስጠለለውን ወዳጁን ኮጂን መግደሉ እውነት ነው። ግን ልጁ በጠላት እጅ መያዣ ናት። ኮጂን ሂድ፣ ተወው ብሎ ይለምነዋል፣ ኮጂ ደግሞ እንግዳውን አሳልፎ አልሰጥም ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ክፋቱ ያለው እነሱ ጋ ሳይሆን ከላይ ሆኖ ሁለቱን የሚያጋጨው የሃይ ቴብሉ ባለሥልጣን ማርኪው ጋ ነው። ሂሮዩኪ ሳናዳ ኮጂን ሲጫወት እንግዳን አሳልፎ አለመስጠት ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አላስፈለገውም።

ያ ወፍራም ጀርመናዊ ቦይካ ነው እንዴ?

አዎ! ጆን በርሊን ላይ እንዲገድለው የተላከበትን ሰው የሚጫወተው ስኮት አድኪንስ ነው፣ በድሮ ፊልሞቹ ገጸ ባሕሪ ስም ብዙዎቻችን ቦይካ እያልን የምንጠራው። ፊቱ ላይ ሜካፕ፣ ሰውነቱ ላይ የወፍራም ሰው ልብስ አልብሰውት፣ የወርቅ ጥርስ አድርገውለት ስለሆነ ብዙ ሰው እስከ መጨረሻው አላወቀውም። ድምፁንም ቀይሮታል። ከዚያ ሁሉ ክብደት ጋር እግሩን ወደ ላይ ሲሰነዝር ግን ያውቁታል።

በርሊን ይጎተታል ብያለሁ። እሱ ባይኖር ደግሞ ጭራሽ አይታይም ነበር።

ሰው እየተገደለ ሰዎቹ ለምን ዝም ብለው ይጨፍራሉ? ፖሊስስ የት ነው?

ፖሊስ የለም። በዚህ ዓለም ውስጥ ፖሊስ አትጠብቁ።

ጭፈራውን በተመለከተ፣ ሆን ተብሎ ነው። ዳይሬክተሩ ተራ ሰዎች የማያዩት፣ ከጎናቸው የሚሄድ ሌላ ዓለም ነው የሚያሳየን። እንደ ሕልም ነው የተሠራው። ይህን እያወቅሁ እንኳ ግን በርሊን ላይ መጥረቢያ እየተወነጨፈ፣ ሰው እየወደቀ፣ ጭፈራው አለመቆሙ ከፊልሙ አስወጥቶኛል። ፓሪስ ላይ መኪኖቹ ሳይቆሙ የሚያልፉት ግን አልረበሸኝም፣ ምክንያቱም መኪኖቹ ራሳቸው መሣሪያ ሆነው በድብድቡ ውስጥ ገብተዋል።

ከላይ ሆኖ የተቀረጸው የእሳት ተኩስ እንዴት ተሠራ?

ካሜራው ከጣሪያ በላይ ወጥቶ፣ ክፍሎቹን ሁሉ ከላይ እያሳየ፣ ጆን ከክፍል ክፍል እየገባ እሳት በሚተፋ ጥይት የሚተኩስበት ትዕይንት በተመልካቾች ዘንድ በጣም ከተወራላቸው አንዱ ነው። ዳይሬክተሩ ቻድ ስታሄልስኪ ሐሳቡን ያገኘሁት ከአንድ የቪዲዮ ጌም ነው ብሏል፣ ከላይ ሆኖ የሚታይ የተኩስ ጌም። ጣሪያ የሌላቸው ክፍሎች ተሠርተው፣ ካሜራው ከላይ እየተንሸራተተ ነው የተቀረጸው።

ለእኔ ዋናው ነገር ሌላ ነው። ብዙ የአሁን ዘመን አክሽን ፊልም ካሜራውን እያንቀጠቀጠ፣ በየሰከንዱ እየቆረጠ ማን ማንን እንደመታ አያሳይም። እዚህ ግን ሁሉም ነገር ይታያል። ማን የት እንዳለ፣ ጆን ምን ያህል ጥይት እንደቀረው፣ ከየትኛው በር ማን ሊገባ እንደሆነ። እሱ ከማወቁ በፊት እኛ እናውቃለን። ጭንቀቱ የመጣው ከዚያ ነው።

የድል ቅስቱ አደባባይ ላይ ያለው የመኪና ትርምስ ደግሞ በአብዛኛው ፓሪስ ላይ አልተቀረጸም። በርሊን ውስጥ አገልግሎት ያቆመ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተቀርጾ ቅስቱ በኮምፒውተር የተጨመረ ነው። ይህን ሰምተው ቅር ያላቸው አሉ። እኔን ቅር አላለኝም፣ ሰዎቹና መኪኖቹ እውነተኛ ናቸው፣ ኪያኑም ብዙውን የመኪና መንዳት ተለማምዶ ራሱ ነው የነዳው።

ደረጃው እውነተኛ ነው? የወደቀውስ ማን ነው?

ደረጃው እውነተኛ ነው። ፓሪስ ውስጥ ወደ ሳክሬ ኬር ቤተ ክርስቲያን የሚያወጣው የፎያቲዬ ደረጃ ነው፣ 222 እርከን አለው። ፓሪስ ያላችሁ ሄዳችሁ ልትወጡት ትችላላችሁ፣ ሳትዋጉ እንኳ ትንፋሽ ያሳጥራል።

ጆን ከላይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ተመትቶ እስከ ታች ይንከባለላል። ሲኒማ ውስጥ ሰው ሁሉ የጮኸበት፣ የሳቀበትም ቦታ ነው። "አበዙት" የሚሉ አሉ። እኔ ግን ፊልሙ ሁሉ እዚያ ላይ ነው እላለሁ። አራት ፊልም ሙሉ ይህ ሰው ወጣሁ ሲል ይወርዳል፣ ያንን በአንድ ደረጃ አሳዩት። ከታች ወድቆ ሳለ ደግሞ የሚደርስለት ማን ነው? ኬን። በንጋት ሊገድለው የተቀጠረው ሰው። አብረው ይወጣሉ።

ያን ውድቀት የወደቀው ፈረንሳዊው ስታንት ሠሪ ቫንሳን ቡዮን ነው። ስሙ ይታወቅ። ቻድ ስታሄልስኪ ራሱ ዳይሬክተር ከመሆኑ በፊት በማትሪክስ ላይ የኪያኑ ስታንት ሠሪ ነበር፣ ስለዚህ እነዚህ ፊልሞች በሙያተኞቹ እጅ የተሠሩ ናቸው። ለረጅም ጊዜ ኦስካር ለሜካፕም ለድምፅም ሽልማት ሲሰጥ አጥንቱን ለሚሰብረው ሰው ምንም አልነበረውም። ስታሄልስኪ ለዓመታት ከተሟገቱት አንዱ ነው። በ2025 አካዳሚው የስታንት ሽልማት እንደሚጀምር አስታወቀ፣ በ2027 ከሚወጡ ፊልሞች ጀምሮ። ዘግይቷል። ቢሆንም እሰየው።

ቻሮን ለምን እንደዚያ ቶሎ ሞተ?

ይህ ብዙ ሰው ያስቀየመ ነገር ነው። የኮንቲኔንታል ሆቴል እንግዳ ተቀባዩ ቻሮን ፊልሙ ብዙም ሳይሄድ በማርኪው እጅ ይገደላል። በታሪኩ ውስጥ ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ዊንስተን በቁም የሚቀጣበት መንገድ ነው፣ ሆቴሉንም ወዳጁንም በአንድ ቀን ያጣል። እስከ መጨረሻው ድረስ ዊንስተን የሚያደርገውን ሁሉ ያንን ሞት ይዛችሁ ካያችሁት ሌላ ፊልም ይሆናል።

የበለጠ የሚያሳዝነው ከፊልሙ ውጭ ያለው ነው። ቻሮንን የተጫወተው ላንስ ሬዲክ ፊልሙ ሊወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ማርች 17 ቀን 2023 በ60 ዓመቱ አረፈ። ዳይሬክተሩና ኪያኑ ፊልሙን ለእሱ መታሰቢያ እንዳደረጉት ተናግረዋል። በዚያ ሰሞን ያየነው ሰዎች ያንን ትዕይንት እንደ ፊልም ብቻ ማየት አልቻልንም። ድምፁ፣ ትሕትናው፣ ያ ቀጥ ያለ አቋቋሙ። ዊንስተን አጠገቡ ተንበርክኮ ሲያየው እኛም አብረን አየነው።

ጆን ዊክ ሞቷል ወይስ አልሞተም?

በፊልሙ ውስጥ የምናየው ይሄ ነው። ንጋት ላይ ጆንና ኬን በሽጉጥ ግጥሚያው ሁለት ዙር ይታኮሳሉ፣ ሁለቱም ይቆስላሉ። በሦስተኛው ኬን ይመታዋል፣ ጆን ይወድቃል። ማርኪው በትዕቢት ሽጉጡን ከኬን ተቀብሎ ራሱ ሊጨርሰው ይቀርባል። ዊንስተን ግን ያየው ነገር አለ፣ ጆን በሦስተኛው ዙር አልተኮሰም ነበር። አንድ ጥይት ቀርቶታል። ማርኪው ይወድቃል፣ ጆን ነጻ ይወጣል፣ ኬንም ልጁም ነጻ ይወጣሉ። ከዚያ ጆን ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ዊንስተንን ወደ ቤት እንዲወስደው ይጠይቀዋል፣ ሄለንን ያያታል፣ ወደ ጎን ይወድቃል። ቀጥሎ መቃብሩ ነው፣ ከሚስቱ ጎን፣ አፍቃሪ ባል የሚል ተጽፎበት።

አስከሬን አላሳዩም። ለዚህ ነው ክርክሩ ያለው። ስታሄልስኪ እንደተናገረው ጆን በሕይወት መኖሩ በግልጽ የሚታይበት ሌላ መጨረሻም ተቀርጾ ነበር፣ ቀድሞ የታየላቸው ተመልካቾች ግን ያልተዘጋውን መርጠዋል። ከዚያ በኤፕሪል 2025 አምስተኛው ፊልም ኪያኑንና ስታሄልስኪን ይዞ በዝግጅት ላይ መሆኑ ተነገረ።

የእኔን አቋም ከጠየቃችሁኝ ሞቷል። መሞትም አለበት። ያ መጨረሻ በቂ ነው የምለው ስላዘንኩ ሳይሆን ስላረፈ ነው። ጠላቶቹን ሁሉ ጨርሶ አይደለም ያሸነፈው፣ ባለመተኮስ ነው። አራት ፊልም ሙሉ ሲተኩስ የኖረ ሰው አንዴ ጣቱን ስለያዘ ነጻ ወጣ፣ ጓደኛውንም አዳነ። ከዚህ የተሻለ መውጫ ማንም ሊጽፍለት አይችልም። አምስተኛው ከመጣ አየዋለሁ፣ ግን መቃብሩን ከፍተው "ቀልድ ነበር" ካሉን በጣም ነው የማዝነው። "ኪያኑን እንደገና ማየት ብቻ ይበቃኛል" የምትሉ ብዙ ናችሁ፣ አውቃለሁ። በዚህ አንስማማም።

ከአራቱ የትኛው ይበልጣል?

በገንዘብ ከሆነ አራተኛው። የመጀመሪያው በዓለም ዙሪያ ወደ 86 ሚሊዮን ዶላር ነበር ያስገባው፣ አራተኛው ወደ 440 ሚሊዮን ደርሷል፣ መሀል ያሉትም እያንዳንዳቸው ከፊተኛው በልጠዋል። ተከታታይ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ እየወረደ ነው የሚሄደው፣ ይሄ ወጣ። በአሜሪካ ከሲኒማ የሚወጡ ሰዎችን የሚጠይቀው ሲኒማስኮር ለመጀመሪያው ቢ፣ ለአራተኛው ኤ የሚል ውጤት ነው የመዘገበው።

በልብ ከሆነ አሁንም የመጀመሪያው ይበልጥብኛል፣ ትንሽ ነው፣ ቁጥብ ነው፣ የሚያምም ነው። በሥራ ጥራት ግን አራተኛውን የሚያክል የለም። ሦስተኛው ከሁሉ ያንሳል፣ መጀመሪያው ላይ ያለውን ሩጫ ካወጣችሁት።

ከልጆች ጋር ይታያል?

አይታይም። ደሙ ብዙ ነው፣ ቅርብ ለቅርብ ነው፣ አሜሪካም ውስጥ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ አይገባበትም።

ስሙ ከወረደ በኋላ የሚመጣ ትዕይንት አለ?

አለ፣ ብዙ ሰው አምልጦታል። ኬን ነጻ ወጥቶ አበባ ይዞ ልጁ ጋ እየሄደ ነው፣ ልጁ መንገድ ላይ ቫዮሊን ትጫወታለች። ከሕዝቡ መሀል የኮጂ ልጅ አኪራ ስለት ይዛ ትቀርበዋለች፣ የአባቷን ደም ልትመልስ። ወጋችው አልወጋችው ሳናይ ጨለማ ይሆናል።

ይህን ለማየት የስም ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው መጠበቅ ነው።

ባሌሪና የሚባለውን መቼ ልየው?

በ2025 የወጣው፣ አና ደ አርማስ የምትጫወትበት ፊልም ታሪኩ በሦስተኛውና በአራተኛው መሀል ነው የሚሆነው። ቻሮንንም እዚያ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ላንስ ሬዲክ ከማረፉ በፊት ቀርጾት ስለነበር። በታሪኩ ቅደም ተከተል ልየው ካላችሁ ከሦስተኛው ቀጥሎ ግቡበት። እኔ ግን አራተኛውን ቀድማችሁ ብታዩ እመርጣለሁ፣ ሦስተኛው በሰቀለው ልብ ቀጥታ ወደ አራተኛው መግባት ነው የሚሻለው፣ ባሌሪናን በሌላ ቀን ታዩታላችሁ።